አባባ ብድግ የሚሉበት ክፍል

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ቱግ ስል አፌ ቀድሞ ይሄዳል፤ ልቤ የሚደርስበት ሲመሽ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምትለው ተረት ለእኔ ብቻ የወጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምጽፈው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከአንዲት የቁጣ ቃል ነው። ያቺን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልነግር ይዣት ኖርኩ።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አባቴና እኔ ብቻ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ሽማግሌ ሆኑና ቤታችን ሰው አጣ የተባለበት ቀን አልነበረም። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት፣ ሁሉም እኛ ዘንድ ነው የሚመጣው። ሳሎናችን ውስጥ ከበሩ ትይዩ አንድ የጠፍር አልጋ አለ፤ አባባ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ሰው ሲገባ «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። የገባው ሰው «በእግዜር! በእግዜር!» እያለ እንዲቀመጡ ይለምናል። እሳቸው ግን እንግዳው ሳይቀመጥ አይቀመጡም።

ይህ የሁሉም ሰው ወግ ነው፤ አባባ ግን ልክ ነበራቸው። ለጎረምሳ ከወገባቸው ነቅነቅ ይላሉ። ትንሽ ከፍ ላለ ሰው ግማሽ መንገድ፣ ለእኩያቸው እስከ መጨረሻው፣ ለቄስ ደግሞ ተነስተው ጎንበስ። ልጅ ሳለሁ ሰው ገብቶ ካልተነሳሁ በዓይናቸው ነበር የሚገርፉኝ። «ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚያይ ግንድ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ደም ግፊታቸው ጣላቸው። አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁና ግራ ጎናቸው በሙሉ አልታዘዝ አለ። አንደበታቸውንና ቀኝ እጃቸውን እግዜር ተወላቸው። ቀኝ እግራቸው ግን ብቻውን አይሸከማቸውም። ጠዋት ጠዋት በብብታቸው ይዤ አነሳቸዋለሁ፤ የጠፍር አልጋው «ሲጢጥ» ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

በታመሙ በሁለተኛው ወር ባልንጀራቸው ከሉማሜ ሊጠይቋቸው መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአባባ ጋር ልጆች ሆነው ዲማ የቄስ ትምህርት አብረው የተማሩ፣ በኋላም አብረው አስተማሪ የሆኑ ሰው ናቸው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ባጃጁ በር ላይ አድርሷቸው ኖሮ ግቢውን ተሻግረው «እንዴት ዋላችሁ?» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው አባባ «ኖር!» አሉ። ሊነሱ ነው! ሮጬ ስደርስ በአልጋውና በጠረጴዛው መሃል በግንባራቸው ወድቀዋል።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመዋል። አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን አልዘረጉም። አባቴ መሬት ላይ ተዘርግተው ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ደሜ ፈላ።

«ምን ቆመው ያያሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ትርዒት ነው እንዴ? ይሂዱልኝ ከዚህ!»

«ይቅርታ ልጄ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ በግድግዳው ላይ እጃቸውን እያሳለፉ ወጡ። የደነገጡ መሰለኝ፤ ደግሞም ይበላቸው ብዬ ነበር።

አባባ ራሳቸውን ስተው ስለነበር የኔን ጩኸት አልሰሙም። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሄደ?» ብለው ነው። «ሄዱ» አልኳቸው። በቃ፣ ይቺን ብቻ። የቀረውን ዋጥኩት።

ከዚያን ቀን ወዲያ አባባ በሩን አስዘጉት። «ሰው እንዳይገባብኝ» አሉ። በእኛ አገር የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሰው መጣ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ «ተኝተዋል» እያልኩ መለስኩ። አንዳንዱ ብርቱካኑን በእጄ አስይዞኝ ይመለሳል። ሁለት ሦስቴ ሲመለስ ሰውም ቂም ይይዛል፤ ቀስ በቀስ ቀረ። ጋሼም አልመጡም፣ አልደወሉምም። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። አንድ ቀን ድንገት «አየኝ እኮ» አሉ። «ግንድ ሆኜ አየኝና ቃል ሳይናገር ሄደ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በወጉ ተነስቼ ሳልቀበለው ብሞት ሞቴ አይጥመኝም።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ ፈሪ ነኝ ማለት ነው። ቁጡ ሰው ደፋር የሚመስላችሁ አትሳሳቱ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍላችን ቁም ሳጥን ውስጥ ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪ የላካቸው ሁለት የቪአር መነጽሮች ነበሩ። ላላየ ሰው ልንገር፦ ፊት ላይ የሚጠለቅ፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነገር ነው። ሲያጠልቁት ሌላ ቦታ ይገባሉ፤ ራስዎን ሲያዞሩ ቦታው አብሮ ይዞራል። ከሌላ አገር የገባ ሰውም እዚያው ክፍል ውስጥ ምስሉ ይታያል፣ ያናግርዎታል፣ እጁን ያወዛውዝልዎታል። ሰው የሚገናኝበት፣ የሚጫወትበት ሥፍራ ነው።

አንድ ቅዳሜ አውጥቼ ሞከርኩት። ወይ ጉድ! መጀመሪያ ቁሚ አለኝ። ቀጥሎ ወለሉን በሁለት እጅሽ አስምሪ አለኝ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሦስት ገጽ አስነበበኝ። ከገባሁ በኋላ ዕቃ ለማንሳት ማጎንበስ፣ በር ለመክፈት ሁለቱን እጅ በአንድ ጊዜ መጭመቅ አለብኝ። ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ ዓይንና ጆሮ፣ እንግሊዝኛና የማይቆራረጥ ኔትወርክ የሌለው ሰው ደጅ ይቀራል። መነጽሩን አውልቄ ሳስቀምጠው የራሴ በር ትዝ አለኝ። እኔም እኮ ሰውን በር ላይ ስመልስ የኖርኩ ነኝ።

ከተመራቂ ተማሪዎቼ ሦስቱን ሰብስቤ በመነጽሩ የሚገባበት የራሳችንን ክፍል መሥራት ጀመርን። የሚነበበው ሁሉ በአማርኛ፣ የሚነካው ሁሉ በአንድ እጅ፣ መነጽር የሌለው ደግሞ በስልኩ እንዲገባ። ከሦስቱ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ልጅ ናት፤ ከአዋሳ የመጣች፣ ስለታም ምላስ ያላት። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እሷ ስለ ክፍሉ ስትነግራቸው የሚባለው ሁሉ በጽሑፍ ከራስ በላይ እንዲታይ ጠየቁን፤ አደረግን። ኔትወርክ ወራት ሙሉ የጠፋበት፣ መንገዱም የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ሁለቱን መነጽር በላቦራቶሪው ገመድ አያይዘን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስንነጋገር ከረምን። ለሥራው የምንሰጠው ምክንያት ለሁሉም ሰው የሚል ነበር፤ እውነትም ነው። እኔ ግን በልቤ የምሠራው ለአንድ ሰው ነው። ክፍሉ ራሱ የኛን ሳሎን የሚመስል ነበር፦ በሩ፣ ትይዩው የጠፍር አልጋ፣ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር።

ፕሮግራሙ ቁመት የሚለካው መነጽሩ ከወለሉ ካለው ርቀት ነው። የተቀመጠ ሰው ስለዚህ አጭር ሆኖ ይታያል። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ፣ ተቀምጦ የገባ ሁሉ ቆሞ እንዲታይ አደረግኩ። በጣም ኮራሁ። ያቺ ልጅ ግን መነጽሩን አወለቀችና አፈጠጠችብኝ።

«ቲቸር፣ ማን አቁሙኝ አለዎት?»

«እኩል እንድትሆኚ ነዋ!»

«እኔ ተቀምጬ ነው እኩል የምሆነው። ቁጭ ብዬ በዓይን ቁመት እንድታዩኝ እንጂ ያልሆንኩትን እንድመስል አልፈልግም።»

«አንቺ ምስጋና አታውቂም» ብዬ ወጣሁ። አላልኳችሁም? እንዲህ ነኝ።

በማግሥቱ አንዱን መነጽር ቤት ወስጄ ለአባባ አጠለቅኩላቸው፤ ልጅቷን ለማሳፈርም ጭምር። ሌላውን ራሴ አጥልቄ በበሩ ገባሁ። አባባ ሳሎናቸው መሃል፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያን ቁመታቸውን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

«አባባ፣ ቆመዋል እኮ!»

ወደ ታች እግራቸውን አዩ። ከዚያ «ቁጭ አድርጊኝ» አሉ።

«ምን?»

«ቁጭ አድርጊኝ። ቆሞ እንግዳ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። እኔ ልነሳ እንጂ ልቆም አልፈለግሁም።»

ስንት ወር የለፋሁበት ነገር! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ገባኝ። ሰው ሲገባ ቀድሞ የቆመ ሰው ለማንም አልተነሳም። ክብሩ ያለው ከአልጋው ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ቆርጬ ጥያለሁ። ልጅቷም አባቴም የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። መቀመጥም መነሳትም የሰውየው ይሁን። ሰኞ ዕለት ልጅቷን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ቲቸር ይቅርታ ጠየቁ» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ አሽሟጣጭ።

እንደገና ጀመርን። የቆመ ቆሞ፣ የተቀመጠ ተቀምጦ ይገባል፤ የተቀመጠ ምስል በክፍሉ ውስጥ ከሌላው ጋር በዓይን ቁመት ይገናኛል። መነሳት የፈለገ በጣት የሚጫን ቁልፍ አለው። አባባ ሲሞክሩት ሳቅ አመለጣቸው፤ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «እንደ ፌንጣ አስፈናጠርሽኝ! እንዲህ ለማን ይነሳል?» አሉ። በእጅ የሚያዘው የመነጽሩ መቆጣጠሪያ ላይ እንደ ጠመንጃ ምላጭ የሚሳብ ቁልፍ አለ፤ ምን ያህል እንደተሳበ ያውቃል። እሱን ሰጠኋቸው። ትንሽ ሲስቡት ነቅነቅ፣ ግማሽ ሲስቡት ግማሽ መንገድ፣ እስከ መጨረሻ ሲስቡት ሙሉ። ቀስ ብለው ከሳቡ ቀስ ብለው ይነሳሉ። አባባ በቀኝ ጠቋሚ ጣታቸው ቀን ቀን ይለማመዱ ጀመር። ለጎረምሳ፣ ለእኩያ፣ ለቄስ። ለቄሱ ጎንበስ የሚሉት በራሳቸው አንገት ነው።

«አልጋው ግን ዝም ይላል» አሉ አንድ ቀን።

«አባባ፣ አልጋው ምን ይበል?»

«ሲነሱበት ሲጢጥ ይላላ! ድምፅ የሌለው አልጋ ሬሳ የሚወጣበት አልጋ ነው።»

እንዲህ ያለ ቅንጦት አልኩ በሆዴ። ለመገላገል ያህል አልጋው ላይ ተቀምጬ ተነሳሁና በስልኬ ቀዳሁላቸው። «ይሄ ያንቺ ነው፤ አንቺ ከብደሻል» አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ! በመጨረሻ ጠዋት በብብታቸው ይዤ ሳነሳቸው ስልኩን አልጋው ሥር አስቀምጬ ያንን ድምፅ ቀዳሁ። ክፍሉ ውስጥ አባባ ሲነሱ የሚሰማው ሲጢጥታ እንግዲህ እኔ እሳቸውን ሳነሳቸው ያለው ነው።

ኔትወርኩም መንገዱም የተከፈተበት ሰሞን ሁለተኛውን መነጽር በቦርሳዬ ይዤ ወደ ሉማሜ ተሳፈርኩ። ልጅቷ አባባ ዘንድ ሆና እንድትረዳቸው ተስማምተናል። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ አምበር ላይ ዶሮና ጤፍ ሲጭን ቆየ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ያቺን ቃሌን ነበር። ጋሼ ቢያባርሩኝ ይገባኛል። አባባም ስወጣ የነገሩኝ ነገር አለ፤ «እንደማልነሳ እንዳትነግሪው።»

ጋሼ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» ስል በድምፄ ወዲያው አወቁኝና «ኖር!» ብለው ተነሱ። የተነሱት ግን ወደኔ ዞረው አይደለም፤ እኔ ከቆምኩበት ወዲያ ወዳለው አጥር ዞረው ነው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ...»

«ተይው ልጄ። አራት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ጥላ ጥላ ይታየኝ ነበር፣ አሁን እሱም የለም።»

አራት ዓመት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። ማየት ለማይችል ሰው ነው «ምን ቆመው ያያሉ?» ብዬ የጮህኩት። እጃቸውን ያልዘረጉት ወዴት እንደሚዘረጉ ስላላወቁ ነው። ግድግዳውን የዳሰሱት መውጫውን ፍለጋ ነው። ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ያን ቀን ምን እንዳልኩ ደግሜ እየነገርኩ አለቀስኩ፤ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

በእጃቸው ራሴን ዳሰሱ። «የወደቀው እሱ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ ሊነሱልዎ ሲሉ።»

«እኔ ጠረጴዛ የገፋሁ መስሎኝ። ዕቃ ሰብሬ የጮህሽብኝ መስሎኝ። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ተቀየመኝ አልኩ።» ደግሞም «አላየሁም ማለት አፈርኩ። ዕድሜ ልኩን አንብቡ ሲል የኖረ ሰው ፊደል ጠፋኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ለእሱም አትንገሪው፤ ያዝንብኛል» አሉኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን አሰብኩት። የዓይን መነጽር ይዤ የመጣሁት ዓይነ ስውር ዘንድ ነው። ስንት ወር ሙሉ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ሰው ስል ከርሜ፣ ክፍሉ ውስጥ ላላየ ሰው ያሰብኩት አንድም ነገር አልነበረም። ልመለስ ብዬ ነበር። ግን ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ይነሳልኛል?» አሉ።

«ዛሬ ይነሱልዎታል።»

«እንግዲያው አልብሺኝ።»

አጠለቅኩላቸው። ለልጅቷ ደወልኩ። እኔ በስልኬ ገብቼ ከጥግ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ በራሳቸው እግር ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ በሩ ላይ ቆመዋል። ወዲያ ማዶ አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ረዘም ያለ ሲጢጥታ።

«ኖር!» አሉ አባባ። ድምፁ ሲጀምር ከታች ነበር፣ ሲጨርስ ከላይ።

ድምፅ ከምስሉ አፍ እንዲወጣ ያደረግነው ለወጉ ያህል ነበር፤ ያን ያህል ዋጋ አልሰጠሁትም። ጋሼ ግን ልጅነታቸውን በጆሮ የተማሩ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አልጋው ሲናገር ሰሙ፣ ድምፁ ሲወጣ ሰሙ። ከመነጽሩ ሥር እንባ በጉንጫቸው ወረደ።

«በእግዜር! በእግዜር!» አሉ። «ተቀመጥ፣ አፈር ስሆን! አየሁህ፣ ተነስተሃል። አምሮብሃል።»

«አንተ ሳትቀመጥ?»

«ተቀመጥ እንጂ አንተ ሰው!»

«አልቀመጥም።»

ይህ ሙግት በዚህ አገር መቼም አጭር ሆኖ አያውቅም። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ የአባባ ጣት ምላጩን እንደሳበ ዝሎ ነበር፤ ላግዝዎት ስትላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሏት። በመጨረሻ እኔ ወንበራቸውን ከኋላቸው አስጠጋሁና ጋሼ ተቀመጡ። ያን ጊዜ አባባ ምላጩን ቀስ ብለው ለቀቁ። ስለ ዲማ አወሩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ስለ ነከሰ አንድ ውሻ አወሩ፤ ቀድሞ የተነከሰው ማን እንደነበር አልተስማሙም። ኔትወርኩ ውሻው ላይ እንዳሉ ተቋረጠ።

ቤቴ ስደርስ ገና አልመሸም። አባባ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው በሩን እያዩ ጠበቁኝ።

«ዓይኑ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?» አሉ።

ክው አልኩ። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? እዚያ መነጽሩ ውስጥ ስናገር ፊቱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ ወደኔ የሚያዞረው ጆሮውን ነው። አየሁህ ሲለኝ እንኳ ጆሮውን ነው ያዞረልኝ።»

«አራት ዓመት» አልኩ።

አሰቡ። ሲያስቡ አየኋቸው፤ ወዴት እንደሚደርሱም አወቅኩ።

«ያን ቀን እንግዲያ አላየኝም።»

«አላዩዎትም።»

«ታዲያ ለምን ሄደ?»

ሦስት ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ ነው። «እኔ ነኝ ያባረርኳቸው» አልኩ። ቃሉን እንዳለ፣ አንድም ሳላስቀር ደገምኩላቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። «ሦስት ዓመት» ብቻ አሉ፣ ደግሞም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ጠዋት ሳነሳቸው አልጋው ብቻ ነው የሚናገረው። በሦስተኛው ቀን ቁርሳቸውን ሳቀርብ «ጥሪው። በእግሩ ይምጣ» አሉኝ።

ክፍሉ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አለ። ልጅቷና ጓደኞቿ አሁን የሚሠሩት ለማያይ ሰው ነው፤ የገባው ማን እንደሆነ፣ የት እንደቆመ፣ ማን እንደተነሳለት በጆሮ እንዲያውቅ። ጋሼ ሉማሜ ሆነው በስልክ ያርሟቸዋል፤ ቁጣቸው ከኔ አይተናነስም አሉ። እሷ ራሷ የመነሻውን ቁልፍ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ይኑር ግን ትላለች።

ጋሼ የመጡ ዕለት ከባጃጁ ወርደው ክንዴን ያዙኝ። ግቢውን አብረን ተሻገርን። አባባን ከማለዳው አጥቤ፣ ነጭ ጋቢ አልብሼ፣ በትራስ ደግፌ አልጋቸው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ምናልባት ቢፈልጉት ብዬ መነጽሩን አጠገባቸው አኑሬው ነበር። «ውሰጂው» ብለውኝ ነበር።

ጋሼ መድረኩን ረገጡ።

«ኖር!» አሉ አባባ።

ጋሼ ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። አልጋው ዝም አለ።

«በእግዜር» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ተነስተህልኛል?»

«አልተነሳሁም» አሉ አባባ። «አልችልም።»

«እኔም አላየሁህም» አሉ ጋሼ። «አላይም።»

ከዚያ ክንዴን ለቀቁና ዱላቸውን ቀድመው ወደ ድምፁ ሄዱ። የእንግዳው ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ አባባ ጎን ተቀመጡ። አልጋው ከሁለቱ ሥር ሲጢጥ አለ። አባባ በደህናዋ እጃቸው የጋሼን እጅ ፈልገው ያዙት። እኔ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።